ለወፍጮ ቤት የሚመጥን ትራንስፎርመር አመራረጥ

ሰሜን ሸዋ፣ ጅሩ ውስጥ ወፍጮ ቤት ያላቸው አንዲት እናት አስጠርተውኝ ሄጄ ነበር። ቡናው እየተቆላ ሳለ ጥያቄያቸውን አቀረቡ። «ልጄ፣ ትልቁ ሞተር 22 ነው፣ ትንሹ 11፤ ሲደመር 33 ኪሎዋት ይሆናል። 50 የሚል ትራንስፎርመር ተገኝቶልኛል። 17 ይተርፈኛል ማለት አይደለም?» መደመራቸውም መቀነሳቸውም ልክ ነው። ነገር ግን 33ቱ በኪሎዋት፣ 50ው ደግሞ በኪሎ ቮልት አምፔር የተነገረ ቁጥር ነው። በኪሎ ከተመዘነ ጤፍ ላይ በቁና የተሰፈረ ጤፍ እንደ መቀነስ ነው፤ ሁለቱም ጤፍ ነው፣ ሂሳቡ ግን አይገጥምም። የእኚህ እናት ገንዘብ በዚህች ልዩነት ሊቃጠል ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደ እርሳቸው የራሳቸውን ትራንስፎርመር ለመግዛት ወይም ለማስፈቀድ ለሚዘጋጁ ባለ ወፍጮዎች፣ ባለ ዳቦ ቤቶችና ባለ ብየዳ ቤቶች፣ እንዲሁም ሥራውን ገና ለጀመሩ ወጣት ኤሌክትሪሻኖች ነው። ስሌቱ በስልክ ላይ ካለው ማስሊያ አያልፍም። አንድ ነገር ግን ከመነሻው ይታወቅ፦ ምሰሶ ላይ መውጣት፣ ከፍተኛውን መስመር መንካት፣ የትራንስፎርመሩን መቀያየሪያ ማዞር የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ሠራተኞች ሥራ ነው። የእኛ ሥራ ምድር ላይ ሆነን በትክክል ማስላትና ትክክለኛውን ዕቃ መጠየቅ ነው።

መጀመሪያ ሸክሙን በደብተር ያስፍሩ

ትራንስፎርመር የሚመረጠው ከገበያ ተነሥቶ ሳይሆን ከቤት ተነሥቶ ነው። ደብተርና እርሳስ ይዘው በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሁሉ አንድ በአንድ ይዙሩ። በእያንዳንዱ ሞተር ጎን የተለጠፈች የብረት ሰሌዳ አለች። ብዙ ጊዜ ዱቄትና ቅባት ስለሚሸፍናት በጨርቅ ይጥረጓት። ከእርሷ ላይ አራት ነገር ይጻፉ፦ ቮልቴጁን፣ አምፔሩን፣ ኪሎዋቱን፣ ፓወር ፋክተሩን (ከሚሳበው ኃይል ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ)። በፈረስ ጉልበት ከተጻፈ በ0.75 ቢያባዙት ወደ ኪሎዋቱ ይቀርባል።

ሰሌዳው ከጠፋ ወይም ሞተሩ እንደገና የተጠቀለለ ከሆነ የድሮውን ቁጥር አይመኑ። ኤሌክትሪሻን ጠርተው፣ ድንጋዩ እህል ጠግቦ እየፈጨ ሳለ የሦስቱንም ሽቦዎች አምፔር ሽቦውን ከውጭ አቅፎ በሚለካው ክላምፕ ሜትር ያስለኩ። ባዶውን የሚዞር ወፍጮ ላይ የተለካ አምፔር ለዚህ ሥራ አይረባም።

የእኚያ እናት ደብተር መጨረሻ ላይ ይህን ይዞ ነበር። የእህል መፍጫው ሞተር 22 ኪሎዋት፣ በ380 ቮልት 42.5 አምፔር። የሹሮና የበርበሬ መፍጫው 11 ኪሎዋት፣ 22 አምፔር። ልጃቸው ከጎን የከፈተው የብየዳ ማሽን በሁለት ፌዝ (ኃይል ከሚያመጡት ሦስት ሽቦዎች በሁለቱ) መካከል የሚሠራ፣ 32 አምፔር። መብራቱና ሶኬቱ ሁሉ ተጠቃልሎ 2 ኪሎዋት ገደማ። የብየዳ ማሽኑን መጀመሪያ አልነገሩኝም ነበር፤ «እሱ የልጁ ነው» ብለው። ትራንስፎርመሩ ግን የማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ በመስመሩ ላይ ያለውን ሁሉ ይሸከማል።

ኪሎዋትን ወደ ኬቪኤ መለወጥ

በሞተር ሰሌዳ ላይ ያለው ኪሎዋት ሞተሩ በዘንጉ በኩል የሚያወጣው ጉልበት ነው። ከመስመሩ የሚስበው ከዚያ ይበልጣል፤ አንዱ ክፍል በሞተሩ ውስጥ በሙቀት ይጠፋል። በዚያ ላይ ሞተር መግነጢሱን ለመፍጠር የሚስበው፣ ሥራ የማይሠራ ነገር ግን በሽቦው ውስጥ የሚመላለስ አምፔር አለ። ትራንስፎርመሩን የሚያሞቀው በጥቅሉ፣ ማለትም በውስጡ በተጠመጠመው ሽቦ፣ የሚያልፈው አምፔር ነው። አምፔሩ እህል ፈጨበት አልፈጨበት ለጥቅሉ ልዩነት የለውም። የትራንስፎርመር አቅም በኪሎዋት ሳይሆን በኪሎ ቮልት አምፔር፣ በባለሙያው አነጋገር በኬቪኤ፣ የሚጻፈው ለዚህ ነው።

አምፔሩ ከታወቀ መንገዱ አጭር ነው። ለባለ ሦስት ፌዝ ሞተር 1.732ን በቮልቴጁ፣ ከዚያም በአምፔሩ ያባዙና ለ1,000 ያካፍሉ። የትልቁ ሞተር 1.732 × 380 × 42.5 ሲካፈል ለ1,000፣ ወደ 28 ኬቪኤ ይመጣል። የትንሹ 14.5 ነው። የብየዳው በሁለት ፌዝ ብቻ ስለሆነ 1.732 አይገባበትም፤ 380 × 32 ወደ 12 ኬቪኤ ይሆናል። መብራቱን 2 ብንል ድምሩ 56.5 ይደርሳል። በእናትየው ስሌት 17 የሚተርፈው 50፣ በዚህ ስሌት 6.5 ጎደለው።

አምፔሩ ባይታወቅና ኪሎዋቱ ብቻ ቢኖር፣ ኪሎዋቱን ለሞተሩ ብቃትና ለፓወር ፋክተሩ ብዜት ያካፍሉ። ለ22ው ሞተር ብቃቱን 0.91፣ ፓወር ፋክተሩን 0.86 ብንይዝ ያው 28 ይመጣል። ሁለቱ መንገዶች ከተራራቁ አንዱን አሳስተው አንብበዋልና ወደ ሞተሩ ይመለሱ።

የትኞቹ አብረው ይሠራሉ?

ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሠራም ይባላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ይህን ሰበብ አድርጎ ቁጥር መቀነስ ጥንቃቄ ይሻል። የወፍጮ ቤት ሥራ እንደ ቢሮ ሥራ የተስተካከለ አይደለም። ማክሰኞ ቀን አንድ ሞተር እየተንቀራፈፈ ይውላል፤ በገበያ ቀን ሰልፉ ከበር ወጥቶ መንገዱን ይይዛል። በፋሲካ ዋዜማ ሳምንት ደግሞ በርበሬውም ጤፉም ባንድ ላይ ይመጣል፤ በዚያ ላይ የብየዳው ልጅ በዓሉ ሳይደርስ በር ጨርሶ ማስረከብ አለበት። ትራንስፎርመሩ የሚመረጠው ለዚያ ቀን ነው እንጂ ለማክሰኞው አይደለም። ስለዚህ ባለቤቱን «በዓመቱ ውስጥ ሥራ የሚበዛብዎ ቀን መቼ ነው? በዚያ ቀን ምን ምን ይዞራል?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን ይጻፉ።

ከጠቅላላ ድምሩ ይልቅ እኔ የምመካበት ሌላ ፍተሻ አለ፤ በፌዝ በፌዝ መቁጠር። ባለ 50 ኬቪኤ ትራንስፎርመር በ400 ቮልት በኩል ለእያንዳንዱ ፌዝ የሚሰጠው ወደ 72 አምፔር ነው፤ ባለ 100 ደግሞ 144። አሁን በእናትየው ቤት ከሁሉም ይበልጥ የተጫነውን አንድ ፌዝ እንቁጠር። ትልቁ ሞተር 42.5፣ ትንሹ 22፣ ብየዳው 32፣ ከመብራቱና ከሶኬቱ 9። ድምሩ 105.5 አምፔር ነው። በቀጥታ መደመር እውነተኛውን ጥቂት ያጋንናል፤ ማጋነኑ ግን ወደ ደኅንነት ያደላል። ብየዳውን ፈጽመን ብናወጣው እንኳ 73.5 ነው፤ 50ው ያለ ብየዳም አፍንጫው ድረስ ተሞልቷል ማለት ነው። በድምሩ ስንመለከተው ያልታየን ነገር በዚህ ታየ፦ አንዱ ፌዝ ከሌሎቹ አብልጦ ይሸከማል፣ ጥቅሉም የሚቃጠለው በዚያ በኩል ነው። መብራቱንና ሶኬቱን ብየዳው ወደሌለበት ፌዝ ማዛወር ያለ ምንም ወጪ እፎይታ ይሰጣል።

በዚህ ላይ ለሚመጣው ጊዜ ከ20 እስከ 25 በመቶ ይጨምሩ። ወፍጮ ቤት ከተከፈተ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሊጥ ማቡኪያ ወይም ሌላ መፍጫ ይታከላል። በአገራችን የተለመዱት የትራንስፎርመር መጠኖች 25፣ 50፣ 100፣ 200፣ 315 እያሉ የሚሄዱ ናቸው። ስሌትዎ በሁለት መጠኖች መካከል ሲወድቅ ወደ ላይኛው ይሂዱ። 56.5 ላይ ሩቡን ብንጨምር ወደ 70 ይደርሳል፤ መልሱ 100 ነው።

«እንግዲያው 315 ልግዛና ልገላገል» የሚል አለ። ይህም ስሕተት ነው። ትራንስፎርመር ወፍጮው ቆሞ ሰው ሁሉ በተኛበት ሌሊት እንኳ የብረት እምብርቱን ለማንቃት ኃይል ይበላል። ባዶውን 300 ዋት የሚበላ ትራንስፎርመር በ30 ቀን ውስጥ 216 ኪሎዋት ሰዓት ያጠፋል፤ ትልቁ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ቆጣሪው ከትራንስፎርመሩ በፊት የተተከለ ከሆነ ይህ ከኪስዎ ይወጣል።

ሞተሩ የሚነሣበት ቅጽበት

ብዙ ስሌት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ለአንድ ወፍጮ ቤት ሸክሙን በትክክል ደምሬ፣ ድምሩ የሚገባበትን ትራንስፎርመር አስመረጥሁ። ስታርተሩን፣ የሞተሩን ማስነሻ፣ ግን አልተመለከትሁም። በተመረቀ ዕለት ሞተሩ ሲነሣ የቤቱ መብራት ደበዘዘ፤ ሞተሩ ጥቂት አጓርቶ ቀጥ አለ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ባለቤቱ ለስታርተር ሁለተኛ ጊዜ ወጪ አወጡ። ከዚያ ወዲህ ይህን ፍተሻ ሳላደርግ ቁጥር ሰጥቼ አላውቅም።

ሞተር በቀጥታ ሲነሣ ከመደበኛው አምፔር ስድስት ሰባት እጥፍ ይስባል። የ22 ኪሎዋቱን ሞተር 28 ኬቪኤ በ6.5 ብናባዛው ለጥቂት ሰከንድ 182 ኬቪኤ ይሻል። ትራንስፎርመሩ ለዚያች ቅጽበት አይቃጠልም፤ ቮልቴጁ ግን ይወድቃል። ምን ያህል እንደሚወድቅ ለመገመት በትራንስፎርመሩ ሰሌዳ ላይ በመቶኛ የተጻፈውን ኢምፔዳንስ (የራሱን የውስጥ ተቃውሞ) ይፈልጉ። በዚህ መጠን ብዙ ጊዜ 4 በመቶ ነው። የመነሻውን ኬቪኤ ለትራንስፎርመሩ ኬቪኤ ያካፍሉና በዚያ መቶኛ ያባዙ። በ50ው ላይ 182 ሲካፈል ለ50፣ ሲባዛ በ4፣ ወደ 14.6 በመቶ ይወድቃል። በ100ው ላይ 7.3 በመቶ ነው። ግምት ነው፤ የመስመሩ ርዝመት ደግሞ ይጨምርበታል።

የሞተር የማዞር ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይቀንስም፤ በቮልቴጁ ካሬ ነው የሚቀንሰው። ቮልቴጁ 15 በመቶ ሲወድቅ ጉልበቱ ወደ 72 በመቶ ይወርዳል። ድንጋዩ እህል ይዞ ቆሞ ከነበረ አይነሣም። ሳይነሣ በቆየ ቁጥር ያን ሁሉ አምፔር እየሳበ ይቆያል፤ ሞተሩ የሚነደው ያን ጊዜ ነው።

መድኃኒቱ ስታር ዴልታ ስታርተር ነው፤ ሞተሩን መጀመሪያ በተቀነሰ ቮልቴጅ (በስታር) አስነሥቶ ወደ ሙሉው (ወደ ዴልታ) የሚያሻግር። በስታር ሲነሣ የሚስበው ከቀጥታው አንድ ሦስተኛ ይሆናል፤ 182ው ወደ 61 ይወርዳል፤ በ100ው ትራንስፎርመር ላይ የቮልቴጁ መውደቅ 2.4 በመቶ ብቻ ይሆናል። ነገር ግን የማዞር ጉልበቱም አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ወፍጮው ሁልጊዜ ባዶውን ይነሣ፤ የእህል መውረጃው ተዘግቶ፣ ድንጋዩ ተላቆ፣ ሞተሩ ፍጥነቱን ይዞ ወደ ዴልታ ከተሻገረ በኋላ እህሉ ይለቀቅ። መብራት ድንገት ጠፍቶ ሲመለስ ይህን የሚረሳ ሠራተኛ ብዙ ነው፤ ድንጋዩ ውስጥ የቀረውን እህል ሳያስወጣ ማስነሻውን ይጫናል። ሁለቱን ሞተሮች ደግሞ አንድ ላይ አያስነሡ፤ ትልቁ ይቅደም፣ ትንሹ ይከተል።

ቮልቴጁና አገናኙ

በእርስዎ አካባቢ የሚያልፈው መስመር 15 ኪሎ ቮልት ነው ወይስ 33? ይህን በዓይን አይገምቱ፤ ከኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ለ15 የተሠራ ትራንስፎርመር 33 ላይ ቢገጠም ወዲያው ይጠፋል፤ ለ33 የተሠራው 15 ላይ ቢገጠም ከግማሽ በታች ቮልቴጅ ይሰጣል። በታችኛው በኩል ባዶውን ሳለ በፌዝና በፌዝ መካከል 400፣ በፌዝና በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) መካከል 230 ቮልት ገደማ የሚሰጥ ይሁን፤ ሲጫን ወደ 380ና 220 ይጠጋል። ድግግሞሹ 50 ኸርዝ ይበል። 60 ብቻ የሚል ዕቃ ከውጭ በርካሽ ቢመጣ አይውሰዱት፤ በ50 ላይ እምብርቱ ከሚችለው በላይ መግነጢስ ይሸከምና ይሞቃል። ዘመድ ከአሜሪካ ለሚልከው የ110 ቮልት ዕቃ የምትገዛውም ትንሽ ትራንስፎርመር ይኸው ሕግ ይገዛታል።

የጥቅሉ አገናኝ በዚህ መጠን ብዙውን ጊዜ ዲ ዋይ ኤን 11 ነው፤ ላይኛው ዴልታ፣ ታችኛው ስታር ከነኒውትራሉ። እንደ እናትየው ቤት ሸክሙ በፌዞች ላይ ላልተመጣጠነ ቦታ የሚስማማ ነው። ሌላ ትራንስፎርመር ጎን ለጎን ለማገናኘት ካልታሰበ በቁጥሩ አይጨነቁ፤ ኒውትራሉ መውጣቱን ግን ያረጋግጡ።

ከመስመሩ ዳር ለሚኖር ሰው የማሳስበው መቀያየሪያውን፣ ታፑን፣ ነው። አብዛኛው ትራንስፎርመር አምስት ደረጃ አለው፤ በ2.5 በመቶ ልዩነት ሁለት ወደ ላይ፣ ሁለት ወደ ታች። በ15 ኪሎ ቮልት ትራንስፎርመር ላይ ዝቅተኛው 14.25 ነው። ረጅም ተጉዞ የደከመ መስመር 14.25 ብቻ ቢያደርስ፣ መቀያየሪያውን እዚያ ላይ ማድረግ በታች በኩል ሙሉውን 400 ይመልሳል። ይህ የሚደረገው ኃይሉ ተቋርጦ በአገልግሎቱ ሠራተኛ እጅ ብቻ ነው። ሲያዝዙ ግን መቀያየሪያው እንዳለው ይጠይቁ።

ደጋውና ቆላው አንድ ዓይነት ዕቃ አይሹም

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይህ ጉዳይ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል፤ ሲነገር ግን ብዙ አልሰማም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ መሐል ሜዳ ከዚያም ትበልጣለች። ከጣርማ በር ወርደው ደብረ ሲናን አልፈው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ግን 1,300 ሜትር አካባቢ ነዎት። በሰዓታት ውስጥ ካፖርት አውልቀው ጥላ የሚፈልጉበት መንገድ ነው። ትራንስፎርመር ደግሞ በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት ሌላ ካልተነገረ በቀር እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ለሚሠራ ሁኔታ የተሰላ ነው። የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ እንዳያልፍ፣ የዓመቱ አማካይም ከ20 እንዳይበልጥ ያው ደረጃ ያስቀምጣል።

ከፍታው ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። በዘይት በራሱ ለሚቀዘቅዝ ትራንስፎርመር ከ1,000 ሜትር በላይ በየ400 ሜትሩ የሚፈቀደው የሙቀት ጭማሪ በ1 ዲግሪ ይቀነሳል። ለደብረ ብርሃን 1,800 ሲካፈል ለ400፣ 4.5 ዲግሪ ነው። ይህ ግን አያስጨንቅም፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ከዚያ የሚበልጠውን መልሶ ይከፍላል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ላይ ትራንስፎርመር ሞቀብኝ የሚል ሰው ቢያገኙ፣ ቅዝቃዜውን አልፎ ያሞቀው ከመጠን ያለፈ ጭነት ነውና ደብተሩን እንደገና ያስቆጥሩት።

ሁለተኛው ነው የሚያስፈራው። የሳሳ አየር ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙም ይቀንሳል፤ ብልጭታ በቀላሉ ይዘልላል። ደረጃው ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ በአየር ውስጥ ያለው ክፍተት በ1 በመቶ እንዲጨምር ያዝዛል። ለደብረ ብርሃን 18 በመቶ ነው። ስለዚህ ሽቦዎቹ በሚገቡባቸው የሸክላ ቡሺንጎች መካከል፣ በቡሺንጉና በጋኑ (ዘይቱን በያዘው ብረት) መካከል ያለው ርቀት ለዚህ ከፍታ የተሠራ መሆን አለበት። ይህን ብርድ አይከፍልልዎትም፤ በጭጋግና በዝናብ ቀን ደግሞ ይብሳል። ሲያዝዙ የአካባቢዎ ከፍታ በሜትር ተጠቅሶ «ለዚህ ከፍታ የሚሆን» የሚል ቃል በጽሑፍ ይግባ። በሰሌዳው ላይ 1,000 ሜትር ብቻ የሚል ትራንስፎርመር ለመሐል ሜዳ ሰው ሲሸጥ ካዩ ያስቁሙ።

በሸዋ ሮቢት ነገሩ ይገለበጣል። ክፍተቱ ብዙ አያሳስብም፤ 3 በመቶ ነው። ሙቀቱ ግን ያሳስባል። እዚያ ለሚተከል ትራንስፎርመር ከስሌቱ በላይ የሚተወውን ሩብ ማንም ሰው አይቀንስብዎ፤ ከቆርቆሮ ግድግዳ ጋርም አይጠጋ፤ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ይተከል።

ብሬከሩና ኮንታክተሩም (ሞተሩን የሚያበራውና የሚያጠፋው መቀያየሪያ) ከፍታ ያውቃሉ። በመደበኛው ደረጃ የተሠሩት እስከ 2,000 ሜትር ድረስ የተሰሉ ናቸው፤ ከዚያ በላይ አምራቹ አቅማቸው ምን ያህል እንደሚቀነስ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለው። ለደጋው ቤት አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ኮንታክተር ማድረግ የእኔ ልማድ ነው።

ቦታውና መሬቱ

ትራንስፎርመሩን በተቻለ መጠን ወደ ወፍጮ ቤቱ ያስጠጉ። የሁለቱ ሞተሮች 65 አምፔር ገደማ በ35 ካሬ ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ገመድ 150 ሜትር ሲጓዝ ወደ 13 ቮልት ይጠፋል፤ ይህ በትራንስፎርመሩ ውስጥ ከሚጠፋው ላይ የሚታከል ነው። ገመድ ማወፈር ምሰሶ ከማቅረብ የሚረክስበት ጊዜ አለና ሁለቱንም ያስተያዩ።

ደጋው መብረቅ የሚበዛበት አገር ነው። መብረቅ መከላከያው፣ አሬስተሩ፣ ለመስመሩ ቮልቴጅና ለከፍታው የሚስማማ ሆኖ ከትራንስፎርመሩ ጋር ተጠግቶ ይገጠም። ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን። ብዙ ባለሙያዎች የመሬቱ ተቃውሞ ከ10 ኦም በታች እንዲሆን ይፈልጋሉ። በጅሩ መረሬ አፈር ላይ ይህ ቀላል ይመስላል፤ በክረምት ሲለካ ጥሩ ይሰጣል። መረሬ ግን በበጋ ይሰነጠቃል፤ የብረቱን ዘንግ ለቅቆት ክፍተት ይፈጠራል። እንግዲህ የመሬቱ መለኪያ የሚታመነው በግንቦት ድርቅ የተወሰደው ነው። ዘንጉም ስንጥቁ ከሚደርስበት ጥልቀት አልፎ ይግባ። በመንዝ ድንጋያማ መሬት ደግሞ አንድ ዘንግ አይበቃም፤ ተራርቀው የተቀበሩ ሦስት አራት ዘንጎች እርስ በርስ ይያያዙ።

ዕቃውን ሲያዩ

ሰሌዳ የሌለው ትራንስፎርመር አይግዙ፤ ከዚህ የሚወጣ ልዩ ሁኔታ አላውቅም። ሰሌዳው ካለ ኬቪኤውን፣ ሁለቱንም ቮልቴጆች፣ ድግግሞሹን፣ ኢምፔዳንሱን፣ አገናኙን፣ የሙቀት ጭማሪውን፣ ክብደቱን በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። የሙቀት ጭማሪው ለዘይቱ 60፣ ለጥቅሉ 65 ዲግሪ መሆኑ የተለመደ ነው።

ያገለገለ ከሆነ ወደ ታች ጎንበስ ብለው በመጋጠሚያዎቹ ዙሪያ ዘይት ያላበ እንደሆነ ይመልከቱ። የቡሺንጎቹ ሸክላ የተሰነጠቀ ወይም የተላጠ አይሁን። መተንፈሻ ካለው በውስጡ ያሉት ሰማያዊ ጠጠሮች ወደ ሮዝ ከተለወጡ እርጥበት ጠጥተዋል፤ ዘይቱም ጠጥቶ ይሆናል። ከመክፈልዎ በፊት ሜገር በሚባለው መለኪያ የላይኛው ጥቅል ከታችኛው፣ ሁለቱም ከጋኑ ጋር ያላቸው የኤሌክትሪክ መከላከያ (ኢንሱሌሽን) ይለካ፤ የጥቅሉ ምጣኔ ይፈተሽ፤ የዘይቱም ናሙና ቮልቴጅ የመቋቋም አቅሙ ይፈተንለት። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ትተው ይሂዱ። የድሮ ትራንስፎርመር ዘይት መርዘኛ ኬሚካል ሊኖርበት ስለሚችል በእጅ አይነካ፤ ለምግብም ለቅባትም ለእንጨት መቀቢያም ወደ ቤት አይግባ።

መከላከያው

ለባለ 100 ኬቪኤ በታችኛው በኩል 160 አምፔር ሆኖ ወደ 144 ዝቅ ተደርጎ የሚስተካከል ዋና ብሬከር ይስማማዋል። አጭር ዑደት (ሾርት) ቢፈጠር ትራንስፎርመሩ የሚለቅቀው 144 ሲካፈል ለ0.04፣ ወደ 3,600 አምፔር ነው፤ ብሬከሩ ከዚህ የሚበልጥ የማቋረጥ አቅም፣ 6 ወይም 10 ኪሎ አምፔር፣ ይኑረው። በላይኛው በኩል መደበኛው አምፔር በ15 ኪሎ ቮልት 3.85 ብቻ ነው። ትራንስፎርመሩ ሲበራ ግን ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ፊውዙ ያንን የሚታገሥ ይሆናል፤ እርሱን የሚመርጠው አገልግሎቱ ነው። በተቃጠለ ቁጥር በሽቦ ቁራጭ መተካት እሳት መጋበዝ ነው።

ካፓሲተር፣ ሞተሩ ለመግነጢሱ የሚስበውን አምፔር እዚያው የሚሰጥ ዕቃ፣ ቢጨመርስ? ይጠቅማል። በእናትየው ቤት ወደ 10 ኪሎቫር (የካፓሲተር መጠን መለኪያ) ቢገጠም ፓወር ፋክተሩ ከ0.86 ወደ 0.95 ይወጣና የሁለቱ ሞተሮች 42.5 ኬቪኤ ወደ 38.5 ይወርዳል። 4 ኬቪኤ ተገኘ ማለት ነው። ያነሰ ትራንስፎርመር ለመግዛት ግን ምክንያት አያድርጉት፤ ካፓሲተር ሳይታወቅ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ሸክሙ ተመልሶ ይመጣል።

ከበራ በኋላ

ሥራው ሲበራ አያልቅም። መጀመሪያ ባዶውን ቮልቴጁን በሦስቱም ፌዝ ይለኩ፤ የሞተሮቹ አዟዟር ትክክል መሆኑን ቀበቶው ሳይገባ ይሞክሩ። ከዚያ በመጀመሪያው ትልቅ የገበያ ቀን፣ ሰልፉ በበዛበት ሰዓት፣ የሦስቱንም ፌዝ አምፔርና ቮልቴጅ ይለኩ።

እናትየው በመጨረሻ 100ውን አስመጡ። በገበያ ቀን እኩለ ቀን ላይ ስለካ ከሁሉም የተጫነው ፌዝ 91 አምፔር፣ ቮልቴጁ 388 ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች ከነቀኑ በስታርተሩ ሣጥን በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በቀለም ጻፍሁላቸው። ሊጥ ማቡኪያ ሲያመጡ የሚጠሩት ኤሌክትሪሻን እኔ ባልሆንም፣ ሣጥኑን ከፍቶ ከየት መጀመር እንዳለበት ያነበዋል።